እንደገና ከአንድ የተቆጠረው ሱፐርማን

በዚህ የንባብ ዓምዳችን ብዙውን ጊዜ የምናቀርበው ለአዋቂዎች የሚሆኑ መጻሕፍትን ነው። በዛሬው እትማችን ግን ልጆቻችን በደብተር ቦርሳቸው ከትተው ይዘውት የሚዞሩትን፣ እኛ ደግሞ «ይኼ የሥዕል ጨዋታ ምን ይረባል» ብለን ገለጥ እንኳ ሳናደርግ የምናልፈውን ዓይነት መጽሔት እንመለከታለን። ልጆቹ «ኮሚክስ» ይሉታል፤ እኛም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። የያዝነው «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ሲሆን በአሜሪካ የወጣው በሴፕቴምበር 2011 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደራሲው የስኮትላንድ ተወላጅ የሆኑት ግራንት ሞሪሰን፣ ሠዓሊው ራግስ ሞራሌስ ናቸው። ባለታሪኩም ሁሉም የሚያውቀው ሱፐርማን ነው።

አስቀድመን ስለ ቁጥሩ ጥቂት መናገር አለብን። «አክሽን ኮሚክስ» ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት መጽሔት ነው። የዚያን ጊዜው ቁጥር 1 የወጣው በ1938 ሲሆን ዋጋው አሥር የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እየጨመረ ሄዶ በ2011 ቁጥር 904 ደረሰ። በዚሁ ዓመት ዲሲ ኮሚክስ የተባለው አሳታሚ የጀግና መጽሔቶቹን የቆየ አቆጣጠር ዘግቶ፣ 52 መጽሔቶችን በአንድ ወር ውስጥ ከቁጥር 1 አስጀመረ። ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም። 904 የሚል ቁጥር ያየ አዲስ አንባቢ «ይህን ሁሉ መቼ አንብቤ እዘልቀዋለሁ» ብሎ ይሸሻል፤ 1 የሚለው ግን «ና፣ ግባ» ይለዋል። ነጋዴ ነጋዴ ነውና ቁጥር 1 የተጻፈበት ነገር ገዢ እንደማያጣም ያውቃል።

ነገር ግን ከአንድ ሲቆጠር የሚጣል ነገር አለ። ሱፐርማን በ1996 ሎይስ ሌን የምትባለውን ጋዜጠኛ አግብቶ ነበር። በ2011 ይህ የአሥራ አምስት ዓመት ትዳር እንዳልነበረ ተደረገ። ሚስትየዋ እንደገና የማታውቀው ሴት ሆነች። ከጋብቻው ጀምሮ ሲከታተሉ የነበሩ አንባቢዎች ማዘናቸውና መቆጣታቸው አይገርመንም።

እኛ ይህን ነገር ከመጽሔትም ውጪ እናውቀዋለን። በ1984 እና በ1985ም ይሁን በ1991፣ ወይም ከዚያ ወዲህ ወደ እስራኤል ከገባነው ወገኖች መካከል ስንቱ ነው አባቱ ያወጣለት ስም በዕብራይስጥ ስም የተተካበት! የስንቱስ የትውልድ ቀን ነው በግምት የተጻፈው! ጎንደር ላይ አርሶ፣ ልጅ ድሮ፣ ሽማግሌ ተብሎ በዳኝነት ተቀምጦ የኖረ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ቁጥር 1 ተብሎ ተመለሰ። ስለዚህ ይህን መጽሔት ስንከፍት ይዘነው የገባነው ጥያቄ «ሱፐርማን ይበርራል ወይስ አይበርርም» የሚል አልነበረም። ከአንድ የጀመረ ሰው የቀድሞውን ከምን ያደርሰዋል የሚል ነው።

ሞሪሰን ለዚህ የሰጡት መልስ ብልሃት አለበት። አዲስ ሱፐርማን ከመፍጠር ይልቅ ወደ ጥንቱ ተመለሱ። ሱፐርማን በብዙ ዓመታት ውስጥ እየበረታ ሄዶ በከዋክብት መካከል የሚበር፣ ባለሥልጣናት የሚያጅቡት፣ ምንም የማይጎድለው ታላቅ ሰው ሆኖ ነበር። በዚህ ቁጥር ውስጥ ግን ከሕንጻ ሕንጻ ይዘላል እንጂ አይበርም፤ በ1938ም እንዲሁ ነበር። የሚጽፍበት ጋዜጣ ዴይሊ ስታር ይባላል፤ ይህም በ1940 ዴይሊ ፕላኔት የሚለው ስም ከመምጣቱ በፊት በድሮዎቹ ቁጥሮች የምናገኘው ስም ነው። ልብሱንም ተመልከቱት። ጂንስ ሱሪ፣ የጉልበት ሠራተኛ ጫማ፣ በደረቱ ላይ ታዋቂው ምልክት ያለበት ካናቴራ፣ ከትከሻው ላይ ደግሞ አጠር ያለች ቀይ ካባ። ሱሪውና ካናቴራው ከማንኛውም ሱቅ የሚገዙ ናቸው። ካባዋ ግን፣ በተከታዮቹ ቁጥሮች እንደምንረዳው፣ ከተወለደበት ዓለም አብራው የመጣች ናት፤ ጥይትም አይበሳት። ካናቴራው ቢቀደድ ሌላ ይገዛል። የካባዋን ምትክ ግን ከየትም ሱቅ አያገኝም። ጋቢ ለብሰው ከአውሮፕላን የወረዱ አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህችን ሥዕል ያለ አስተርጓሚ የሚረዷት ይመስለናል።

የዚህ ሁሉ መነሻ የሆኑትን ሁለት ሰዎች ሳናነሳ ማለፍ አይገባም። ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ሁለቱም በ1914 የተወለዱ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ናቸው። የሲግል ወላጆች ከሊትዌኒያ የመጡ ሲሆኑ፣ የሹስተር አባት ከሮተርዳም፣ እናቱ ደግሞ ከኪየቭ ናቸው። ሁለቱ ልጆች የተገናኙት ብዙ አይሁዶች በሚኖሩበት በክሊቭላንድ ከተማ፣ ግሌንቪል በሚባል ሰፈር፣ በአንድ ትምህርት ቤት ነው። የሲግል አባት ልብስ ሻጭ ነበሩ፤ በ1932 በሱቃቸው ውስጥ ዘረፋ ሲፈጸም ልባቸው ቆሞ ሞቱ። ከስድስት ዓመት በኋላ ጥይት የማይበሳው ሰው በመጽሔት ወጣ። ለዚህም ለሁለቱ ወጣቶች የተከፈላቸው 130 ዶላር ብቻ ነበር፤ በዚያው ገንዘብ ባለቤትነቱን ለአሳታሚው አስረከቡ። የጡረታ አበል የተቆረጠላቸውና ስማቸው እንደገና በሥራቸው ላይ እንዲጻፍ የተስማሙላቸው በ1975 ነው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፎ ነበር።

ስለ ሱፐርማን የትውልድ ስምም ብዙ ይባላል። ስሙ ካል-ኤል ነው፤ በኡልፓን ሁለት ሳምንት የተማረ ሰው እንኳ «ኤል» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሕፃኑ በትንሽ መንኮራኩር ተጭኖ መላኩንም ከሙሴ ቅርጫት ጋር የሚያመሳስሉት አሉ። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ሆኖም በ1939 ስሙ መጀመሪያ ሲጻፍ «ካል-ል» እንጂ «ካል-ኤል» አልነበረምና ሰውየውን ሚንያን ውስጥ ለማስገባት ባንቸኩል ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ሲከፈት ግሌንሞርጋን የሚባል የናጠጠ ባለጸጋ በሜትሮፖሊስ ከተማ ከፎቁ በረንዳ ላይ በሱፐርማን እጅ ተንጠልጥሏል። ፖሊሶች መሣሪያ ደግነዋል። ሱፐርማን ሰውየውን ይዞ ዘልሎ ይወርድና መሬት ላይ ያናዝዘዋል፤ ባለጸጋውም ሠራተኞችን በሕገ ወጥ መንገድ በርካሽ እንዳሠራ፣ የደኅንነት ጥንቃቄ እንዳላደረገ፣ ለባለሥልጣናት ጉቦ እንደሰጠ እየተንቀጠቀጠ ይናገራል። ልጆች ይህን ገጽ ይወዱታል። በእውነት ለመናገር አዋቂም ይወደዋል። ደመወዙ የተበላበት፣ ከግንባታ መወጣጫ ላይ ወድቆ አካሉ የጎደለ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሲያይ አንጀቱ ይርሳል።

ቢሆንም እዚህ ላይ ከደራሲው ጋር አንስማማም። በፍርሃት የተገኘ ኑዛዜ በየትኛውም ዳኛ ፊት አይጸናም፤ በአገራችን ሽማግሌዎች ፊትም አይጸናም ነበር። የተዋዋሉትን ወረቀት ማስቀመጥ፣ ምስክር መጥራት፣ የሠራተኛ መብት የሚያውቅ ሰው ማማከር አሰልቺ ነገሮች ናቸው፤ በሥዕልም አያምሩም። ሞሪሰን ይህን የሚያውቁ ይመስላሉ። ክላርክ ኬንት በጋዜጠኝነቱ ይህንኑ ባለጸጋ በጽሑፍ ሲያጋልጥ የቆየ ሰው ነውና፣ ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን ሊያሳዩን ይችሉ ነበር። የብዕሩን መንገድ ግን በጨረፍታ አሳይተው አለፉት፤ በረንዳው ብዙ ገጽ በላ። ይህ በመጽሔቱ ላይ ያለን ትልቁ ቅሬታ ነው።

ከዚያ የሚመጣው ግን ይህን ያስረሳል። የጦር ሠራዊቱና ሌክስ ሉተር የተባለው ሊቅ ሱፐርማንን ለመያዝ ወጥመድ ያዘጋጃሉ። ወጥመዱ ሰው ያለበትን አሮጌ ሕንጻ ማፍረስ ነው፤ ድሆች መጠለያ አጥተው የገቡበት ቤት ነው። ውስጡ ሰው እንዳለ ካወቀ ይመጣል ብለው ነው፤ እሱም ይመጣል።

ይህን ገጽ ከአንድ የድሮ ታሪክ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። በ1939 መጀመሪያ በወጣው «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 8 ውስጥ ሱፐርማን ከወንጀል ጋር የተጠላለፉ የድሃ ሰፈር ልጆች ያገኛል። ጥፋቱ የልጆቹ ሳይሆን የሚኖሩበት ቤት ነው ብሎ ይደመድማል። ለጊዜው ይህ ትልቅ አስተሳሰብ ነበር፤ በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ያለን ሰዎች ዛሬም ይህን ለማስረዳት ስንት ስብሰባ እንቀመጣለን! ነገር ግን መፍትሔው ምን ነበር? መንግሥት አዲስ ቤት እንዲሠራ ሰፈሩን በሙሉ አፈራረሰው። አዲሶቹ ሕንጻዎች እስኪቆሙ ነዋሪው የት እንደከረመ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቶ እንደሆነ ታሪኩ ብዙም አያስጨንቀውም። ለሰዎቹ የሚበጀውን እሱ ያውቃል፤ እነሱን መጠየቅ አላስፈለገውም። በ2011 ደግሞ ያው ሱፐርማን በሚፈርሰው ቤትና በነዋሪዎቹ መካከል ቆሟል። ሞሪሰን ይህን የድሮ ታሪክ በልባቸው ይዘው ይሁን አይሁን፣ ሁለቱን ያነበበ ሰው ሰባ ሁለት ዓመት ውስጥ ምን እንደተለወጠ ያያል።

ሰዎቹን ያወጣቸዋል። ያን ጊዜ ታንኮቹ ይመቱታል፤ ይወድቃል። ብርቱው ሰው መሬት ላይ ነው፣ መሣሪያዎቹ ወደ እሱ ዞረዋል። ቀጥሎ የምናየው፣ ከዚያ ቤት የወጡት ሰዎች፣ ምንም ያልያዙት፣ ከሱፐርማንና ከታንኮቹ መካከል ገብተው ይቆማሉ። «አድኖናል፣ ተዉት» ነው ነገሩ። ወታደሮቹም ያመነታሉ፤ በዚህ መካከል ሱፐርማን ተነሥቶ ያመልጣል።

በእኛ አስተያየት የመጽሔቱ ልብ ይህች ገጽ ናት። ምክንያታችንን እንናገር። በብዙ ቤተ ሰዎቻችን ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ ዕብራይስጥ የሚይዘው ልጅ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከእናቱ ጋር ባንክ ይሄዳል፣ ኩፓት ሆሊም ይሄዳል፣ የመብራትና የውኃ ደብዳቤ ያነባል፤ ሐኪሙ ለአባቱ የሚናገረውን ከባድ ነገር አስቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ሁላችንም «ጎበዝ፣ አንበሳ» እንለዋለን። ልጁም ይህን አምኖ ሲደክመው ደከመኝ ለማለት ያፍራል። ስለ ጀግና የሚተርኩ ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ያጠናክሩበታል፤ ጀግና ብቻውን ይሸከማል፣ አይጠይቅም። እዚህ ግን በቁጥር 1፣ ገና ታሪኩ ሲጀመር፣ ጀግናው ይወድቃል፤ የሚያነሱትም ኃይል የሌላቸው ሽማግሌዎች፣ እናቶችና ጎረቤቶች ናቸው። ልጃችሁ ይህን መጽሔት ይዞ ካያችሁት ስለ ሌላው ገጽ ባትጠይቁትም ስለዚህ ገጽ ጠይቁት። ሥዕል ነውና እንግሊዝኛም ዕብራይስጥም አያስፈልግም።

ሉተር ስለ ሱፐርማን ለጄነራል ሌን የሚናገረውም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ከውጭ የመጣ ፍጡር የአገሩን ፍጡር እንዴት እንደሚያጠፋ እንደ ሳይንስ አድርጎ ያብራራል። አይጮህም፣ አይሳደብም፤ የተማረ ሰው ነው፣ በተረጋጋ ድምፅ፣ መጠጡን እየጠጣ ነው። ሱፐርማን ምን እንዳደረገ ግድ የለውም፤ ከየት እንደመጣ ነው ጉዳዩ። በልጆች መጽሔት ውስጥ እንዲህ ያለ ንግግር በክፉው ሰው አፍ መቀመጡን ወደነዋል። አዲስ መጥ የሆነ ልጅ ይህን ንግግር በመንገድ ሲሰማው ደነገጥ ከማለት ይልቅ «ይኼማ ሉተር ነው» ብሎ እንዲለየው ይረዳዋል ብለን እናስባለን።

ከጦርነቱ በኋላ ክላርክ ኬንት ወደ ተከራየባት ክፍል በመስኮት ይገባል፤ ልብሱን ሲለውጥ አከራዩዋ ኪራይ ልትጠይቅ በሯን ታንኳኳለች። ታንክ ያላስፈራው ሰው አከራዩን ሲያይ እንዴት ቶሎ ትሑት እንደሚሆን ተመልከቱ! ይህ የሚያስቅ ገጽ ነው፤ ግን መነጽሩ ነው የቆየብን። ከገጠር ወደ ትልቅ ከተማ የገባ ወጣት፣ በመነጽርና በሰፊ ሹራብ ውስጥ ጉልበቱን ደብቆ፣ ጎንበስ ብሎ ይኖራል። ቤት ሌላ፣ ውጪ ሌላ መሆንን ልጆቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ በቤት በአንድ ስም ይጠራሉ፣ በክፍል በሌላ። ከሁለቱ የትኛው ነው እውነተኛው ስም ተብለው ሲጠየቁ ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። መጽሔቱ ይህን ጥያቄ አይመልስም፤ ሰውየው ሁለቱንም ይዞ ኪራዩን ይከፍላል።

ስለ ሥዕሉ ብዙ አንልም። ሞራሌስ እንቅስቃሴን በማሳየት የተዋጣላቸው ናቸው፤ ዝላዩ፣ የሕንጻው መናድ፣ የሰው ብዛት ሁሉ ሕይወት አለው። የክላርክ ፊት ግን ከገጽ ገጽ ይለዋወጣል፤ አንዳንዴ አሥራ ስድስት፣ አንዳንዴ ሠላሳ ዓመት ይመስላል። ሎይስ ሌንም በዚህ ቁጥር ያገኘችው ቦታ ትንሽ ነው። ትዳሯን የተነጠቀች ሴት ቢያንስ ጥቂት ገጽ ልትካስ ይገባት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለ ትዳሩ ካነሳን፣ የተጣለው ተጥሎ አልቀረም። በ2016 አሳታሚው ያገባውን የቀድሞውን ሱፐርማን ከነሚስቱና ከነልጁ ወደ መጽሔቱ መለሰው፤ ቁጥሩንም ወደ ጥንቱ አቆጣጠር አዙሮ ከ957 ቀጠለ። በ2018 ቁጥር 1000 ወጣ። 1 ብለው የጀመሩት አቆጣጠር አምስት ዓመት ያህል ብቻ ቆየ ማለት ነው።

የዚህ ቁጥር መጨረሻ በባቡር ነው። ሎይስና ጓደኛዋ ጂሚ ኦልሰን የግሌንሞርጋንን ሰው ተከታትለው ፈጣን ባቡር ውስጥ ገብተዋል፤ ክላርክ ስልክ ደውሎ ለጂሚ «ውረዱ» ቢለውም ዘግይቷል። ባቡሩ ከቁጥጥር ይወጣል። የድሮው የራዲዮ ትረካ ሱፐርማንን ሲያስተዋውቅ ከጥይት፣ ከባቡርና ከረጅም ሕንጻ ጋር ያወዳድረው ነበር፤ ሞሪሰን ሦስቱንም በዚህ አንድ ቁጥር ውስጥ በተራ አስገብተዋቸዋል። ጥይቱን ቀደመ፣ ሕንጻውን ዘለለ። ባቡሩን በደረቱ ተቀበለው፤ ባቡሩም ገፍቶ ከግድግዳ ጋር አጣበቀው። በመጨረሻው ገጽ ራሱን ስቶ እናየዋለን፤ ሉተርም ያሰበው ተሳክቶለታል።

ልጆቹ «ከዚያስ?» ማለታቸው አይቀርም። ቀጣዮቹ ቁጥሮች ከዚህኛው ጋር ተጠርዘው በ2012 በአንድ ጥራዝ ወጥተዋል። በቁጥር 2 ውስጥ ሱፐርማን ታስሮ የሚሠቃይበት ገጽ ስላለ ከአሥር ዓመት በታች ላሉት ልጆች ወላጅ አጠገባቸው ቢቀመጥ ይሻላል። ማንበብ ለማይችሉ አያቶች ደግሞ ልጁ ሥዕሉን እያሳየ በአማርኛ ይተርክላቸው፤ ቃል ሲጠፋው እነሱ ያቀብሉታል።